የተረፈው ጽዋ

«እናትሽ አልተመረጠችም። ራሷም ታውቀዋለች።»

አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ይህን የምትለው እንደ ሐሜት አልነበረም። ለሐሜት ድምፅ ዝቅ ይደረጋል፤ እሷ ግን ወንበር ስታስተካክልም፣ ሻይ ስታማስልም፣ መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባም በተለመደው ድምጿ ነበር የምትለው፤ ዛሬ ሊዘንብ ነው እንደሚባለው። ለጎረቤት ትላለች፣ ለወንጌላዊው ሚስት ትላለች፣ ሰው ሲጠፋ ደግሞ ለእኔ ትላለች። ሰባት ዓመቴ ነበር። ከሰው ስለማልቆጠር ብቻዋን የምታወራ ይመስላት ነበር መሰለኝ።

ጉባኤያችን ትንሽ ነበረች፤ ከመኪና ጋራዥ በላይ ባለ አዳራሽ የምትሰበሰብ፣ ትንሽነቷንም እንደ ማዕረግ የምትቆጥር። እግዚአብሔር የራሱን ሰዎች ዓለም ሳይፈጠር መርጧል፤ የመረጠውን አይጥልም፤ ሰው በሥራው አይድንም። ይህን የተማርኩት ከፊደል በፊት ነው፤ ዛሬም አምነዋለሁ። የማወራውን ሰምቶ፣ ይቺ ልጅ እምነቷን ጥላለች ብሎ ደስ የሚለው ካለ ደስታውን ይመልስ። ትምህርቱ ምንም አላደረገንም። የበደሉን ሰዎቻችን ናቸው፤ እግዚአብሔር ማንን እንደመረጠ በዓይናቸው ለማየት ቸኮሉ። ለዚህም የጌታን እራት መለኪያ አደረጉት። የጽዋዎቹ ትሪ በየወንበሩ ሲያልፍ፣ መዳኑን በእርግጠኝነት የሚያውቅ አንዷን አንስቶ ይጠጣል፤ እርግጠኛ ያልሆነ ትሪውን አጠገቡ ላለው ያሳልፋል። ማንም አያስገድደውም። ያዩታል፣ በቃ።

እናቴ ሁልጊዜ ታሳልፍ ነበር።

ያ አዳራሽ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ይሸተኛል፤ ከታች የሚወጣው የሞተር ዘይት ከወይኑ ጭማቂ ጋር ተቀላቅሎ። ትሪውን የሚያዞረው አባቴ ነበር። መስታወት ቆራጭ ነው፤ ሰው የሚያክል መስታወት በብብቱ ይዞ በገበያ መሃል የሚያልፍ። ያንን በትንንሽ የብርጭቆ ጽዋዎች የተሞላ ትሪ ሲያዞር አንዷ ጽዋ ከሌላዋ ጋር አትነካካም። አክስቴ ዓይኗን ጨፍና፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ስትውጥ ለሦስተኛው ወንበር እየተሰማ ትጠጣለች። ከእሷ ቀጥላ እናቴ አለች። እናቴ ትሪውን በሁለት እጇ ነው የምትቀበለው፤ የተኛ ሕፃን እንደሚቀበሉት። ለአፍታ ጭኗ ላይ ታሳርፈውና ለቀጣዩ ሰው ትሰጠዋለች። ፊቷ ላይ እፍረት አይታይም፣ ሐዘንም አይታይም። አክስቴን የሚያንገበግባትም ይኸው ነበር። ቢያንስ ብታለቅስ ምናለበት።

ሁሉም ሲያበቃ አባቴ ትሪውን ወደ ፊተኛው ጠረጴዛ ይመልሳል። አገልጋይ የሚወስደው መጨረሻ ላይ ነው። ጀርባውን እንደሰጠን ጽዋውን ያነሳል፤ አንገቱ ወደ ኋላ ዘንበል ሲል ይታየኛል። ያን አንገት ሳይ ደረቴ ይሞላ ነበር። ሰማይ ቤት ቦታ የተያዘለት ሰው አንገቱ እንደዚህ ነው እል ነበር።

ጽዋዎቹን የምትቀዳው አክስቴ ነበረች፤ የተቀመጠውን ሰው በዓይኗ ቆጥራ፣ ጠብታ ሳታባክን። ለእናቴም ትቀዳላት ነበር። የተጠራች ቀን እንዳይጎድልባት ብዬ ነው ትላለች፤ ይህን ቸርነቷን ያልሰማ ሰው አልነበረም። የምታጥባቸው ደግሞ እናቴ ነበረች። ያልተመረጠ ሰው ጽዋ ማጠብ አይከለከልም።

ከአዳራሹ ጀርባ ጠባብ ኩሽና ነበረች። እናቴ ትሪውን ይዛ ቀድማ ትገባና በሩን ትዘጋለች። እኔ የማድረቂያ ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ውጭ እቆማለሁ። ቧንቧው ሲከፈት እሰማለሁ። ከዚያ «ነይ፣ የኔ ዓይን» ትለኛለች። ስገባ ባዶዎቹ ጽዋዎች አረፋ ውስጥ ገብተዋል። አንዲት ብቻ፣ እስከ አፏ ሙሉ፣ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች።

ያቺ የእናቴ ናት። ከላይ ለእሷ ተቀድታ እሷ የገፋቻት። እንደዚያ ነበር የማያት። ፎጣዬን ይዤ ከጽዋዋ ላይ ዓይኔን መንቀል ያቅተኝ ነበር።

አንድ ቀን «እማ፣ አሁን ጠጫት፣ ማንም አያይም» አልኳት።

«ማንም ካላየማ አክስትሽን ምን ይጠቅማታል?» አለችኝና ሳቀች። ጽዋዋን አንስታ ደፋቻት። ቀዩ በነጩ መታጠቢያ ላይ ለአፍታ ተዘርግቶ ወደ ቀዳዳው ወረደ።

እኔ አልሳቅኩም። የዘላለም ነገር ለእኔ እንደ አውቶቡስ ጣቢያ ነበር። አንድ ቀን መኪኖቹ ይመጣሉ፤ እኔና አባቴ በአንዱ እንሳፈራለን፤ እናቴ ጣቢያው ላይ ትቀራለች። ይባስ ብሎ አክስቴ የምትሳፈረው ከእኛ ጋር ነው። አክስቴ ለዘላለም አጠገቤ፣ እናቴ ግን የለችም። ሰባት ዓመት ለሞላት ልጅ ከዚህ የከፋ ሲኦል የሚያሳያት ሰባኪ አላውቅም።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ፈለግኩ። እናቴ ጽዋዋን እንድትጠጣ።

አባቴ እንዲያስጠጣት ለምን እንዳልለመንኩት ይጠይቀኝ ይሆናል የሚያነብ። አባቴ በእኔ ዘንድ እንዲህ ባለ ነገር የሚነካ ሰው አልነበረም። በጉባኤው እንደ እሱ የሚጸልይ የለም። «እኛን መረጥከን፣ እኛን ይዘኸናል» ሲል ሴቶቹ ሁሉ ያለቅሳሉ። በዚያ ሁሉ ጸሎት ውስጥ ስለ ራሱ ብቻ የሚናገርባት አንዲት ቦታ እንኳ እንደሌለች ያስተዋልኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ የማየው ጥንቃቄውን ነበር። ማታ ሱቁን ሲዘጋ ቁልፉን ያዞራል፣ ይጎትተዋል፣ መንገድ እንጀምራለን። ከመታጠፊያው ስንደርስ ይቆማል። «ተቆልፏል?» ይላል። እናቴ «ተቆልፏል፣ አይቻለሁ» ትለዋለች። ቢሆንም ይመለሳል፤ ይጎትተዋል፤ ይመጣል፤ ጥቂት ሄዶ ደግሞ ይቆማል። እናቴ አንድም ቀን ተቆጥታው አታውቅም። እጄን ይዛ፣ ዘፈን የመሰለ ነገር በአፍንጫዋ እያዜመች፣ እስኪመለስ ትጠብቀዋለች። እኔ ደግሞ የሰው አባት በሩን አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ ይሄዳል፣ የኔ ግን እንዴት ያለ ጠንቃቃ ነው ብዬ እኮራበት ነበር።

እናቴ የምትሠራው ላውንድሪ ውስጥ ነበር፤ ካውያ ላይ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጠረጴዛዋ ሥር እቀመጣለሁ። ከላይ የተሰቀሉት ልብሶች ሽቦው ላይ እየተንሸራተቱ ሲያልፉ እንፋሎቱ ያወዛውዛቸዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው መመረጡን በምን ያውቃል አልኳት። ካውያዋን አቆመች። አንድ ግራጫ ኮት ከሽቦው አውርዳ ፊቴ ዘረጋችው።

«የማን ነው ይሄ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ኮቱስ ያውቃል?»

«ኮት ምን ያውቃል» አልኩና ሳቅኩ።

«ታዲያ ተነስቶ፣ የማን እንደሆንኩ እርግጠኛ ነኝ ብሎ ይመስክር እንዴ? እዚህ ስንት ጊዜ ተሰቅሎ ይከርማል፤ ከማያውቀው ሰው ሱሪ ጋር ይታጠባል፤ የተረሳ ይመስለዋል።» አንገቱን ገልብጣ በመርፌ ቁልፍ የተያዘችውን ቁጥር ያላት ጨርቅ አሳየችኝ። «ይቺን ራሱ አላደረጋትም። ባለቤቱ ሲመጣ ኮቱን አይጠይቀውም። ያወርደዋል፣ ይዞት ይሄዳል።»

«ኮቱ ቢጠራጠርስ?»

ቀና ብላ በሩን አየች። «ቢጠራጠርም ቁጥሩ አይፈታም» አለች፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ በእንፋሎቱ ውስጥ እስከ በሩ እንዲሰማ።

ዞር ስል አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። ሊወስደን መጥቶ ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላውቅም። የመስታወት ብናኝ እጅጌው ላይ ያብረቀርቃል። «እንሂድ» ብቻ አለ። ያን ቀን ከመታጠፊያው ወደ ሱቁ የተመለሰው ከወትሮው በላይ ነበር።

የኮቱን ነገር ለአክስቴ ነገርኳት። ለራሷ መጽናኛ እየፈለገች ነው ምስኪን አለች፤ ክሯንም በጥርሷ በጠሰችው።

ከዚያ እናቴ ታመመች። ሳንባዋ ነው አሉ። ዕድሜዋን ሙሉ እንፋሎትና ያን የልብስ ማጽጃ መድኃኒት ሽታ ስትምግ የኖረች ሴት ሌላ ምኗን ትታመማለች? አልጋዋን አባቴ ትርፍ መስታወቶቹን ግድግዳ ላይ ወደሚያስደግፍበት ክፍል አወጡት፤ የሚሻል ብርሃን ያለው እዚያ ነበር። ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ ከመስታወት መስታወት እየዘለለ ፊቷ ላይ ያርፋል። አክስቴ ልታስታምም ብላ ጠቅልላ ገባች። ወሬዋም እኛው ቤት ገባ፤ ትንሽ መልኩን ለውጦ። «አሁን እንኳ ብትጠጣ። አሁን እንኳ ልቧን ብትሰብር።»

እኔ የምደበቅበት ቦታ ነበረኝ፤ በመስታወቶቹና በግድግዳው መካከል። እዚያ ሆኜ አባቴና እናቴ ሲነጋገሩ ሰማሁ። እሱ፣ እንደዚህ ሆነሽ ብትሄጂ ሰው ምን ይልሻል ይላታል፤ ለእኔ ብለሽ ጠጪ ይላታል። እሷ ቀስ እያለች ነበር የምትመልሰው፤ ትንፋሿን እየቆጠበች።

«ብቻዬን አልቀርብም። ገና ስታገባኝ ነግሬሃለሁ።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም፤ ደስታ ጆሮዬን ደፍኖት ነበር። በቃ ገባኝ። እናቴ ፈርታ ነው። ብቻዋን መቅረብ ነው የፈራችው፤ ጨለማ ክፍል ብቻዬን መግባት እንደምፈራው። ለዚህማ እኔ አለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የጌታን እራት ይዘውላት መጡ። ወንጌላዊው አልጋው አጠገብ ተቀመጠ፤ ጫማው መስታወቶቹ ውስጥ ሲያብለጨልጭ ትዝ ይለኛል። አክስቴ ኩሽና ሆና ለአራት ሰው ቀዳች፤ ለወንጌላዊው፣ ለራሷ፣ ለእናቴና ለአባቴ። ወንጌላዊው አነበበ፣ ጠጣ። አክስቴ ጠጣች፤ ጉሮሮዋን ሰማነው። አባቴ ትሪውን ይዞ ወደ እናቴ ጎንበስ አለ።

እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር አላወጣችም።

«አንተ ጀምር» አለችው።

አክስቴ ከንፈሯን መጠጠች። ወንጌላዊው ለስለስ ብሎ፣ እህቴ፣ አገልጋይ መጨረሻ ነው የሚወስደው፣ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው አላት።

«እንግዲያስ እጠብቃለሁ» አለች እናቴ። «ጊዜ አለኝ።»

ጊዜ እንደሌላት እኔ እንኳ አውቅ ነበር። ከመስታወቱ ኋላ ወጥቼ አልጋው ላይ ዘለልኩ፤ እጄን ወደ ትሪው ሰደድኩ። «እኔ አብሬሽ እጠጣለሁ እማ። ብቻሽን አይደለሽም።» አክስቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። እናቴ እጇን አውጥታ ጉንጬን ዳበሰችኝ።

«አንቺን አይደለም የኔ ዓይን» አለችኝ።

ዓይኗ ግን እኔ ላይ አልነበረም። አባቴን ነበር የምታየው፤ ስትጠብቀው እንደምታየው፣ ከመታጠፊያው ቆማ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ በያዘው ትሪ ላይ ጽዋዎች ሲንቀጫቀጩ ሰማሁ።

«ሌላ ቀን» አለ አባቴ። ትሪውን ይዞ ወጣ። አክስቴ እስከ መጨረሻዋ እልኸኛ አለች፤ ወንጌላዊው ራሱን ነቀነቀ። እኔ ብርድ ልብሱ ላይ ተቀምጬ ከማን ጋር ነው የምትፈልገው እያልኩ አለቀስኩ። ከእኔ የሚበልጥባት ማን እንዳለ አልታየኝም።

ሁሉም ከወጡ በኋላ ወደ ራሷ ሳበችኝ። ጣቴን ይዛ ማጅራቷ ላይ፣ ፀጉሯ ሥር አሳረፈችው።

«ዳብሺ። ቁጥሬን አገኘሽው?»

«የለም።»

«አለ። እዚህ ሆኖ የሚያየው የለም እንጂ» አለችኝ። ከዚያ ተኛች።

ሌላ ቀን አልመጣም። ሴቶቹ ሊያጥቧት ከመግባታቸው በፊት ሾልኬ ገብቼ ማጅራቷን ዳበስኩ። ቀዝቅዞ ነበር። አንድ በአንድ፣ በጣቴ ጫፍ፣ እስከ ጆሮዋ ሥር ፈለግኩ። ምንም አላገኘሁም። ለማንም አልነገርኩም፤ ለአክስቴ ደስታ ላለመጨመር።

በጉባኤያችን ቀብር ላይ ወንጌላዊው የሚለው የታወቀ ነበር። ይህ ወንድማችን ወደ ጌታው ዕረፍት ገብቷል ይላል፤ ሰው ይጽናናል። በእናቴ ሣጥን ላይ ቆሞ ግን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ፍርድን ለእግዚአብሔር እንተዋለን አለ። ሁሉም ገባቸው። አባቴ መሬት መሬት እያየ ቆሟል። አክስቴ ግን አልቅሳ አስለቀሰች፤ ለማይድን ሰው ማልቀስ ይሆንላታል።

ከዚያ በኋላ ያደግኩት በዚያ ወሬ ውስጥ ነው። የዚያች ያልተመረጠች ሴት ልጅ። አክስቴ ቤታችንን ያዘች፤ ወሬውንም እንደ ቤት ዕቃ አብራ ያዘች። ሻይ ስታማስል ትለዋለች። ለእንግዳ ትለዋለች። እናቷ እኮ ጽዋ እንደገፋች ነው የሞተችው ትላለች፤ እኔ ውሃ ይዤ ፊቷ ቆሜ። አባቴ ይሰማል። ተነስቶ በሩን ያያል።

ትምህርት ከሰባተኛ ክፍል አቆምኩ፤ ካውያ ላይ ቆምኩ፣ በእናቴ ቦታ። የቀረውን ራሴ ተማርኩት። አስተማሪዋም ተማሪዋም እኔ ነበርኩ፤ ሁለታችንም ሰነፎች አልነበርንም። መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት ለጽድቅ አይደለም፤ እናቴ የተፈረደባትን አንቀጽ ለማግኘት ነው። ጽዋ ያሳለፈ አልተመረጠም የሚል ቦታ የለም። ይልቁንም በየገጹ ያገኘሁት የኮቱን ነገር ነው። የተያዘ ሰው የተያዘው በራሱ ጉልበት አይደለም፤ አጥብቆ ባያምን እንኳ ከእጅ አይወድቅም። እናቴ ይህን ሁሉ በካውያ አስረድታኛለች፤ ሰባኪዎቻችን በአዳራሽ ሙሉ ቃል ያልቻሉትን። እርግጠኛ ነበረች። ታዲያ እርግጠኛ ከነበረች ለምን አልጠጣችም? ይህችን ብቻ መፍታት አቃተኝ። እልኽ ይሆናል አልኩ። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ ከማን እንደወረስኩት ይገባኛል ብዬ ተውኩት።

አባቴ የሞተው ባለፈው ዓመት ነው። በመጨረሻ ቀኖቹ ዝም ብሎ በሩን ያይ ነበር። እጄን ይዞ የተናገራት የመጨረሻ ቃል «ተቆልፏል?» ነበረች።

«ተቆልፏል፣ አይቻለሁ» አልኩት። ስለ ሱቁ መስሎኝ።

ቀብሩ ላይ ቆሞ የሚሄድ ሁሉ መጣ። ያው ወንጌላዊ፣ አርጅቶ በሰው ተደግፎ፣ ስለዚህ ሰው ጥርጥር የለንም አለ። በበጋው እሱም ሞተ። አዳራሹ ዛሬ የጎማ መጋዘን ነው።

የቀረችው አክስቴ ናት። ዓይኗ ደክሟል፣ ጉልበቷ ከድቷታል። ሌላ ሰው ስለሌላት አንሶላዋን የማጥብላትና የምተኩስላት እኔ ነኝ። በፍቅር ነው ብዬ አልዋሽም። ባለፈው ሳምንት አንሶላዋን እየተኮስኩ ነበር፤ እሷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሻይዋን ታማስላለች። ድንገት፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ በዚያው በተለመደው ድምጿ ጀመረች።

«እናትሽ ስትሞት ጽዋዎቹን ማጠብ ለእኔ ነበር የተሰጠኝ።»

«አውቃለሁ እቴቴ።»

«የመጀመሪያው ጊዜ፣ የእሷን ቀንሼ ነው የቀዳሁት። በትክክል ለተቀመጠው ሰው። ሁሉም ጠጣ። ትሪው ሲመለስ አንዷ ሙሉ ናት።»

ካውያውን አቆምኩ።

«የአባትሽ ናት። ከንፈሩ እንኳ አልነካትም። አንገቱን ቀና አድርጎ ይመልሳታል እንጂ አይጠጣትም። በሚቀጥለውም ጊዜ እንደዚያው። ጉባኤው እስኪበተን ድረስ እንደዚያው። እኔ የተመረጥኩ አይመስለኝም አለኝ አንድ ቀን ስይዘው። ከወጣትነቴ ጀምሮ አይመስለኝም አለ። ሚስቴ ብቻ ናት የምታውቀው አለኝ።»

ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት በእናቴ ላይ ስታወሪ ስለ እሱ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። የጠየቅኳት በእርጋታ ነው፤ በድምፄ እኔም ተገርሜያለሁ።

«ወንድሜ እኮ ነው» አለች። «እሷማ ሞታለች፣ ምን ይጎዳታል ብዬ።» ማንኪያዋን ላሰችና ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው። «ደግሞ እሷም ስትሸሽግለት ነበር የኖረችው።»

አንሶላው ላይ የካውያው ቅርጽ ቡናማ ሆኖ ቀርቶ ነበር። አጣጥፌ አስቀመጥኩት።

እናቴ በሕይወት ሳለች ከትሪው ላይ ሙሉ የሚመለሱት ጽዋዎች ሁለት ነበሩ። እኔ ሁልጊዜ ያየሁት አንድ ነው። ኩሽናውን ዘግታ፣ ቧንቧውን ከፍታ፣ እኔን ከመጥራቷ በፊት የምትደፋው የእሱን ነበር።